የዘይኑ እንቅልፍ

ዘይኑ የኮምቦልቻ ሰው ነው። የሶማሌላንዷ ሀርጌሳ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ እንደገና በምትገነባበት ዘመን፣ እዚያ ለግንበኞቹ ውሃ በቦቴ ያመላልስ ነበር። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከሁሉም ጋር ተግባቢ። ሰው የሚያማው በእንቅልፉ ብቻ ነበር። ሻይ አዝዞ ሳይመጣለት ያንቀላፋል፤ ቦቴው እስኪሞላ መሪ ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋል። "ዛሬ ጫት አልቃምክም እንዴ?" እያሉ ይስቁበታል። ይቅማል፤ እንቅልፉን ግን አላባረረለትም።

ሚስቱ ዊዳድ ግን አትስቅም ነበር። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ጋደም ሲል አጠገቡ ተቀምጣ ታዳምጠዋለች። ማንኮራፋቱ ቤቱን ይሞላና ድንገት ቀጥ ይላል። ደረቱ ይታገላል፣ ትንፋሽ ግን የለም። ልትነቀንቀው እጇን ስትዘረጋ፣ እንደታነቀ ሰው አጓርቶ መልሶ ይተነፍሳል።

"ዘይኑ፣ ስትተኛ ትንፋሽህ ይቆማል እኮ!"

"ታዲያ ሞቼ ነው የምነሳው?" ይላታል እየሳቀ።

ጎረቤቶች ጂን ነው አሏት። ሼህ ጠርታ ቁርኣን አስቀራችለት። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ራሱን እየፈለጠው፣ አፉ ደርቆ መነሳቱን አልተወም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ውሃ የሞላ ቦቴ ይዞ 26 ጁን ወደሚባለው ሰፈር ሲወርድ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ መኪናው የድንጋይ አጥር ደርምሶ ቆሟል። ከድንጋዩ ሥር የተጨፈለቀ የወተት ጀሪካን አየ። እዚያ ጥግ ተቀምጣ ወተት የምትሸጠው የሆዳን ነው።

"ሆዳን! ያ አላህ! ሆዳን!" እያለ ድንጋዩን በእጁ ይፈነቅል ጀመር። ጥፍሮቹ ደሙ። ሆዳን ለካ ለሶላት ውዱእ ልታደርግ ወደ ማዶ ተሻግራ ነበር። ከኋላው መጥታ ትከሻውን ስትይዘው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

በማግስቱ ዊዳድ ጅማ ተምሮ አማርኛ ወደሚያውቀው ወደ ዶክተር ዲሪር ወሰደችው። ዶክተሩ ደም ግፊቱን ለካ፣ ጉሮሮውን አየ። ከእሱ ይልቅ እሷን አብዝቶ ጠየቀ።

"ጂን አይደለም" አላቸው። "ሲተኙ የጉሮሮዎ ሥጋ ይላላና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። አየር ሲያጥር አንጎል ደንግጦ ያባንንዎታል፤ እርስዎ አያውቁትም። ሲባንኑ ስለሚያድሩ እንቅልፍ አይጠግቡም። ልብዎም አያርፍም፤ ግፊትዎም ከፍ ብሏል።"

"በተኛሁበት እቀራለሁ?"

ዶክተሩ ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋ። "ዝም ካሉት ልብ ይጎዳል፣ ስትሮክም ያመጣል። ዛሬውኑ ግን መንዳት ያቁሙ። ክብደት ይቀንሱ፣ በጎንዎ ይተኙ፣ ጫቱን ይተዉ። ተኝተው ሳሉ አየር እየገፋ ጉሮሮውን የሚከፍት መሣሪያ አለ፤ እዚህ ግን አላገኘሁም።"

ዘይኑ የቦቴውን ቁልፍ ለመኪናው ባለቤት ለጉሌድ አስረከበ። ጉሌድ ብዙ ካሰበ በኋላ የውሃ ጉድጓዱ ላይ ቦቴ የሚሞላ ሠራተኛ አደረገው። ከሚኖርበት ከማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር እስከዚያ በእግሩ ይመላለሳል። ዊዳድ በጀርባው እንዳይተኛ ብላ የሚተኛበት ሸሚዝ ጀርባ ላይ ትንሽ ኳስ ሰፋችለት። እያደር ሰውነቱ ቀለለ፣ የጠዋቱ ራስ ምታት ተወው፣ በሥራ ላይ ማንቀላፋቱም ቀነሰ።

ሆኖም ትንፋሹ አሁንም አልፎ አልፎ ይቆማል። ድሮ በእንቅልፉ የሚሳቅበት ሰው አሁን መተኛት ይፈራል። "ዛሬስ ቆመ?" ብሎ ሲጠይቃት፣ ዊዳድ የኳሱን ስፌት ታጠብቅለታለች። ዱባይ የሚሄድ ነጋዴ በሰማች ቁጥርም ቤቱ ድረስ ሄዳ አየር የሚገፋውን መሣሪያ እንዲያመጣላት ትለምነዋለች።