የአጫጭሮቹ ዶሮዎች ጎብኚ

አንድ ሰው በየጸደዩ ብቅ ይላል፤ የሚመጣውም ዶሮ አርቢው ኢዋኪቺ ጫጩቱ በሕይወት መኖሩን ለማየት የቻቦ ዶሮዎቹን እንቁላል በመብራት በሚፈትሽበት ቀን ነው። ቻቦ እግሯ ከማጠሩ የተነሳ ሆዷ መሬት ሊነካ ይደርሳል። እንግዳው አንድም ቀን ገዝቶ አያውቅም፤ የከተማ ጫማውን በፌስታል ሸፍኖ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የዶሮ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ጥያቄውም ያው ነው።

«ጫጩቱ እንቁላሉ ውስጥ ሞቶ ሲቀር ጥፋቱ የማን ነው? የእናትየው?»

«ኧረ የማንም አይደለም!» ይላል ኢዋኪቺ። «አጭር ከአጭር ሲዳቀል ከአራት አንዱ ይሞታል። ማጠሩ የሚገድለው ከሁለቱም ሲወርሰው ነው። ለዚህ እኮ ነው ለአጭሩ አውራ ረጅም እግር ቄብ የማጭለት!»

«ትንሽ ጮክ ይበሉልኝ፣ ጌታዬ።»

ኢዋኪቺም ጆሮው ደክሞ ይሆናል ብሎ ይጮህለታል። ሰውየው እጅ ነስቶ ይሄዳል።

ዘንድሮ ዝናብ ስለነበር ኢዋኪቺ ጃንጥላ ይዞ ሸኘው። ጃንጥላው ስር በዝግታ ያወራውን ሁሉ ሰውየው ያለችግር ሰማ። ከዶሮ ቤቱ አጥር ጀርባ ተጠግታ በቆመች መኪና ውስጥ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ዝናቡ እየገባባት እንኳ መስኮቱን አልዘጋችውም።