የድመቷ መድኃኒት

ልጅ ሳለሁ፣ ሐይቅ ከተማ ዳር ባለችው ቤታችን፣ ማታ ማታ ፍሙን ከበን ስንቀመጥ አያቴ ሼህ ይመር ተረት ይነግሩን ነበር። አብዝተው የሚወዱት ምንጩን አጥሮ ጎረቤቱን ውኃ ስለከለከለ አንድ ንፉግ ሰው የሚናገረውን ተረት ነበር። እራት የዘገየ ዕለት የንፉጉ ዕድሜ ይረዝማል፤ እናቴ ትሪውን ስታቀርብ አገሬው ተሰብስቦ አጥሩን ያፈርስና ተረቱ ቶሎ ያልቃል። ያኔ ለእኔና ለታናሽ እህቴ ለከድጃ አጥር ሁሉ መጨረሻው መፍረስ ይመስለን ነበር።

ከድጃ የስኳር ሕመም ነበረባት። ማቀዝቀዣ ስላልነበረን እናቴ ኢንሱሊኗን እርጥብ አሸዋ በሞላ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ታኖረው ነበር፤ አሸዋውን ከሐይቁ ዳር የሚያመጡት አያቴ ናቸው። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ ስለማይበቃው ከአንድ ብልቃጥ በላይ አይሰጥም ነበር። ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት የምትኖረው አክስቴ ዘሃራ አንድ ቀን በስልክ የአሠሪዋን ድመት አሳየችን። ድመቷም ስኳር አለባት። አክስቴ ማቀዝቀዣውን ስትከፍተው ብልቃጦቹ በረድፍ ተደርድረዋል። «ያው የእኛው ኢንሱሊን ነው» አለችን። ከድጃ እየሳቀች «እንደኔ ናት! ሲወጓት ታለቅሳለች?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ አክስቴ በደወለች ቁጥር ከድጃ አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ ድመቷ ደኅንነት ሆነ።

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ፤ መብራትም ስልክም ጠፋ፤ ጤና ጣቢያው ተዘረፈ። የመጨረሻዋ ብልቃጥ ካለቀች በኋላ እንኳ እናቴ እጇን ማሰሮው ውስጥ ከትታ አሸዋውን ትበረብር ነበር። አያቴ በየመንደሩ ዞረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ለዱዓ ቤታችን ተሰበሰበ። ከድጃ ውኃ ትጠጣለች፣ ወዲያው መልሶ ይጠማታል፤ ትንፋሿም እየከበደ ሄደ።

አንድ ምሽት አያቴ በኩራዙ ብርሃን ያንኑ ተረት ጀመሩላት። ሳይጨርሱት አቋረጠቻቸው።

«አባ፣ የድመቷም መድኃኒት አለቀባት?»

«የለም የኔ እናት፣ አላለቀባትም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ከልቧ።

አያቴ ተረቱን መቀጠል አቃታቸው። ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁሱ ጀመር፤ እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርድ ነበር። በማግስቱ ከድጃን ቀበርናት።

ስልክ ሲመለስ አክስቴ እያለቀሰች ሁሉን ነገረችን። አሠሪዋ የከድጃን ሞት ስትሰማ ደረቷን ይዛ አልቅሳለች፤ «ለምን አልነገርሽኝም? እሰጥሽ አልነበር?» ብላለች። አክስቴ መንገዱ ሳይዘጋ ልትጠይቃት አስባ፣ ከሥራ እንዳታባርራት ፈርታ ትታው ኖሯል። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ልጠላት ብዙ ሞክሬ አቅቶኛል፤ እሱም ያናድደኛል።

ዛሬ «የሩቅ አገር ሰው ችግር እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ስለ ድመቷ እነግረዋለሁ። ከድጃ እየሞተች ባሕር ማዶ ላለች ድመት ተጨነቀች። የዚያ ቤት ሰዎች ግን ከድጃ የምትባል ልጅ መኖሯን ያወቁት ከተቀበረች በኋላ ነው።