ዋስ ያልተጠራለት ቃል

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ቤዛ ከነባሏና ከነልጇ ከፉሪ መጣች። ሁለተኛ ዲግሪ ልትማር ነው፤ የአገሮች ግንኙነትና የዓለም ጸጥታ የሚሉትን። ትምህርቱ ከሥራ በኋላ ስለሆነ ባሏ፣ «እስክትጨርስ ልጁን እኔ እይዛለሁ» አለ።

«ዋሱ ማነው?» አልኩ።

ሳቁ። ይህን ሳቅ አውቀዋለሁ። ከስልሳ ዓመት በፊት እዚሁ ላፍቶ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ ዛሬ ፎቅ የቆመበት ሁሉ ጤፍና ባቄላ ነበር፤ የክረምቱ ጭቃ ጫማ ከእግር ያወልቃል። እናታችን ሞታለች። ላሞቹን የማልበው እኔ ነኝ፤ ወተቱን በአህያ እስከ ብስራተ ገብርኤል የሚያደርሰው ታላቅ ወንድሜ። እሱ ኮሌጅ ጨርሶ ይህንኑ የቤዛን ትምህርት ውጭ አገር የሚማርበት ዕድል አገኘ። ሁለቱም ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ስድስተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነበር።

«ሁለት ዓመት ብቻ ታገሺ። ስመለስ አንቺ ትማሪያለሽ፤ ላሞቹን በሠራተኛ አስይዛለሁ» አለኝ።

«ዋስ ጥራ» አልኩት። በሰፈራችን በሬ እንኳ ያለ ዋስ አይሸጥም ነበር።

«በእህትና በወንድም መሃል ደግሞ ምን ዋስ አለ!» ብሎ ሳቀ። አባቴም፣ «አፍሽን ያዢ፤ የተማረ ሰው ቃሉን አያጥፍም» አሉኝ።

ደብተሬን አይጥ እንዳይበላው ከጣሪያው ሥር አንጠልጥዬ ሁለት ክረምት ከአህያ ኋላ ጭቃ ረገጥኩ።

በጥቅምት፣ ባቄላው እሸት ሲሆን ተመለሰ። እሸቱን እየፈለፈልን ምን እንደተማረ ጠየቅሁት።

«ትልልቅ መንግሥታት ለትንንሾቹ ቃል ይገባሉ። ሲያፈርሱ ግን ከበላያቸው ሆኖ የሚዳኝ የለም። ችግሩ እሱ ነው።»

«ዋስ አይጠሩም?»

ሌላ እሸት አንሥቶ ፈለፈለ።

«እሺ ጋሼ፣ እኔ መቼ ትምህርት ቤት ልግባ?»

«አንቺ እኮ አሁን ትልቅ ሴት ነሽ» አለ፣ ዓይኑን ከእሸቱ ሳያነሣ። «አባባ ሊድሩሽ ቃል ሰጥተዋል። እኔም የመንግሥት ሥራ ልይዝ ነው። ሁኔታው ተለውጧል።»

«ለማን ነው የተለወጠው? እኔ እንደሆንኩ እዚያው ላሞቹ ሥር ነኝ!»

በማግስቱ አላልብም ብዬ ተኛሁ። ወንድሜ ሊያልብ ሞክሮ ላሟ በርግጫ ዘረረችው። ደስ አለኝ። ረፋዱ ላይ ግን ጡታቸው ተወጥሮ ይጮኹ ጀመር። ላሞቹ ምን በደሉኝ? ተነሥቼ አለብኩ። የተሸነፍኩት ያን ጊዜ ነው። በጥር ተዳርኩ።

ወንድሜ ክፉ ሰው አልነበረም። ካረጀ በኋላ «በድዬሻለሁ» ብሎኛል፤ እኔም ይቅር ብዬዋለሁ። ይቅርታ ግን ሰባተኛ ክፍል አያስገባም።

እናም የቤዛን ባል፣ «ዋሱ እኔ ነኝ» አልኩት። «ቃልህን ያጠፍክ ቀን ልጁን አዝዬ መሥሪያ ቤትህ በር ላይ እቀመጣለሁ።»

«ኧረ እማማ!» አለ። ሳቁ ግን ቆመ።

ትምህርቷ ሰኞ ይጀመራል። እኔ ደክሞኛል፤ ታክሲ መሳፈር እንኳ ጉልበቴን ይፈትነዋል። ቢሆንም ትናንት ሄጄ የመሥሪያ ቤቱን በር አይቼ መጥቻለሁ። ከአጥሩ ሥር ለመቀመጥ የምትመች ድንጋይ አለች።