አሥር ቁስለኛ፣ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ

በግንቦት ወር ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ቤት ውስጥ፣ አሥር ቁስለኞች የጫነች ሄሊኮፕተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሸንተረሩን አለፈች። ሄሊኮፕተሯ ያለችው ስክሪን ላይ ነበር፤ ቁስለኞቹም በኪሎ የተጻፉ ቁጥሮች ነበሩ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ አባቴ፣ የቤቱ ባለቤት አብዲ እና እኔ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሰዓቱን የማውቀው በደብተር የምመዘግበው እኔ ስለነበርኩ ነው።

ዛሬም ለሥራ በሄድኩበት ሁሉ፣ ሚዛኑን የሳተ የጣሪያ ማራገቢያ በየዙሩ ቀጭ ሲል ስሰማ የዚያ ቤት አየር ተመልሶ ይመጣብኛል፤ የጋለ ፕላስቲክ፣ ከደጅ የሚገባ አቧራ፣ አብዲ ከኪቦርዱ አጠገብ የማያጠፋው የሳምቡሳ ዘይት። ማራገቢያውን አባቴ ሁለት ጊዜ ጠግኖት፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳምንት ሳይሞላው ቀጭ ማለት ጀምሮ ነበር፤ አብዲም «ጋሼ፣ ሄሊኮፕተር የፈታ እጅ ይቺን አቃተው?» እያለ ያበሽቀው ነበር።

አባቴ ታደሰ በድሮው ጦር ውስጥ የሄሊኮፕተር ቴክኒሺያን ነበር። ጦሩ ሲበተን፣ አያቴ በባቡር ሠራተኝነት ወደኖረባት ድሬዳዋ ተመልሶ፣ በግቢያችን በረንዳ ላይ ፍሪጅና ማራገቢያ እየጠገነ አሳደገኝ። ስለ ጦርነት አያወራም ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረለት አንድ ልማድ ብቻ ነበር፤ በየወሩ አንድ እሑድ የመሣሪያ ሳጥኑን አንስቶ፣ እኔን አስከትሎ፣ ሳቢያን ሰፈር እትዬ ዘውዴ ቤት ይሄዳል። እትዬ ዘውዴ አብሮት ይበር የነበረው አብራሪ የሻምበል ግርማ ባለቤት ነበረች። ሻምበል ግርማ ከሞተ ጀምሮ ፍሪጇን፣ የውሃ ፓምፗን፣ የበሯን ማጠፊያ ሳይቀር የሚሠራላት አባቴ ነበር፤ ምሳ ስታቀርብለት ግን ቆሞ ውሃ ብቻ ጠጥቶ ይወጣል። ለምን እንደማይቀመጥ እሷም እኔም አናውቅም ነበር።

ጥር ላይ፣ ድሬ ትንሽ ቀዝቀዝ በምትልበት ወቅት፣ አብዲ ከጅቡቲ ያገለገለ ኮምፒውተርና ጆይስቲክ አስመጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ግን ከጨርቁ ይልቅ ልጆች በሰዓት እየከፈሉ ኳስ የሚጫወቱበትን ቤት መረጠ። አባቴ ማራገቢያውን ሊሠራ መሰላል ላይ እንደወጣ፣ ከታች አብዲ የውጊያ ሄሊኮፕተር ሲያስነሳ አየና ጉጠቱን እንደያዘ እዚያው ቀረ።

«ይኼ እንዴት ተነሳ?»

«በአንድ ቁልፍ ነው ጋሼ። ይቺን ስትጫን ይነሳል።»

«ሞተሩን ሳታሞቀው?»

«አቦ፣ ሻይ ነው እንዴ የሚሞቀው!»

አብዲ እንደ ድሬ ልጅ ሁሉ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነበር የሚለው፤ አባቴም ቅር አይለውም ነበር። ከመሰላሉ ወርዶ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላችን የሄሊኮፕተር ሆነ። ሲሙሌተሩ፣ ማለትም በረራን የሚያስመስለው ጨዋታ፣ ከነጥይቱ ከነታንኩ ተዘጋጅተው የሚመጡ ተልዕኮዎች ነበሩት፤ ተነሣ፣ ይህን ያህል ታንክ አቃጥል፣ ተመለስ፣ ነጥብህን ተቀበል። አባቴን ነጥቡ ያስቀው ነበር። እውነተኛ ተልዕኮ ማለት ነዳጅ፣ ክብደት፣ ሙቀትና መጠበቅ ነው እያለ፣ በቅንብሩ ውስጥ «እውነተኛ» የሚለውን ሁሉ አስከፍቶ፣ አብዲን ሞተሩ እስኪሞቅ በባዶ ስክሪን ፊት ያስቀምጠው ነበር። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ከኋላ ሆነው «ዋሪያ አብዲ፣ ሄሊኮፕተርህ ናፍጣ ወረፋ ላይ ነው?» እያሉ ሲያላግጡበት፣ እሱ «ዝም በሉ፣ ቴክኒሺያኑ አልፈቀደም» ይላቸዋል። በሞቃት አገር የጫነች ሄሊኮፕተር ቀጥ ብላ እንደማትነሳ፣ አየሩ ስለሚሳሳ እንደ አውሮፕላን መሬት ላይ ተንደርድራ መነሳት እንዳለባት ያስተማረውም ያኔ ነው።

መጋቢት ገብቶ ነፋሱ የከዚራን ቅጠል በየመንገዱ ሲያንከባልል፣ አብዲ ሰው የራሱን ተልዕኮ የሚሠራበት ክፍል ሲሙሌተሩ ውስጥ እንዳለ አገኘ። ቦታውን መርጠህ፣ አየሩን፣ ጭነቱን፣ ነዳጁን፣ ጠላቱን አንተው ታስቀምጣለህ። አባቴ ይህን ሰምቶ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በእርሳስ የሣለውን ካርታ አጣጥፎ ይዞ መጣ።

«ጠላቱን የት ላድርገው?» አለው አብዲ።

«ጠላት የለውም።»

«ታዲያ በምን ያልቃል ጋሼ?»

«ከሸንተረሩ ወዲያ በማረፍ።»

የሆነውን የነገረን ካርታውን እያስገባን ሳለ፣ አንድ በአንድ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ነው። ሄሊኮፕተሯ በሆዷ የምትይዘው ስምንት ሰው ነበር። ቁስለኛ ለማንሳት ተራሮች መሃል ወዳለ ሜዳ ወርደው፣ ስምንቱ ከተጫኑ በኋላ፣ ሁለት ወጣቶች ተደጋግፈው ደርሰው በሩን ያዙ። ጭነቱን የሚወስነው አባቴ ነበር። አብራሪው ሻምበል ግርማ ዞሮ በዓይኑ ሲጠይቀው፣ አባቴ ራሱ ወርዶ ሁለቱን አስገባና በሩን ዘግቶ በእጁ ሂድ አለው። አንድ ሰው ወርዶ ሁለት ገባ። ሄሊኮፕተሯ ተንደርድራ ተነስታ፣ ሸንተረሩ ጋ ደርሳ፣ ጫፉን ልታልፍ ትንሽ ሲቀራት ወደቀች፤ አንድም ሰው አልተረፈም። አባቴ ይህን ሁሉ ከሜዳው ላይ ቆሞ አየ። ለእትዬ ዘውዴ ባሏ መሞቱን ነግሯታል፤ ሁለቱን ሰዎች ያስገባው እሱ መሆኑን ግን አልነገራትም። ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እነዚያን ሁለቱን ባያስገባ ያልፉ ነበር ወይ?

ሚያዝያን በሙሉ ይህን ስንፈትን ከረምን። የሚያበረው አብዲ ነው። አባቴ ቅርብ ያለ ጽሑፍ አይታየውም፣ መነጽርም አይወድም፣ የስክሪኑም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደቃቃ ነበርና፣ የጠቋሚዎቹን ቁጥር እያነበብኩ የምነግረው እኔ ነበርኩ። «ነዳጅ?» ይላል፤ እነግረዋለሁ። «ጭነት?» እነግረዋለሁ። «ሙቀት?» «ሠላሳ ሦስት።» ሠላሳ ሦስት በአደጋው ቀን ስለ አየሩ ሙቀት በጆሮው ሰምቶ ያልረሳው ቁጥር ነው። በስምንት ቁስለኛና በአባቴ ክብደት ስትበር ሄሊኮፕተሯ በጭንቅ ታልፋለች። በአሥር ቁስለኛ ስትበር ትወድቃለች። አብዲ መንገድ ለወጠ፣ ፍጥነት ለወጠ፣ ረዘም አድርጎ ተንደረደረ፤ አሥራ አራት ጊዜ ሞክሮ አሥራ አራቱንም ጊዜ ወደቀች፤ እኔም አሥራ አራቱንም ጻፍኩ። አባቴ በየመውደቋ «እንደገና» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም፤ ቤት ሲገባ ግን ሰሃኑን እየገፋ፣ የሰው ፍሪጅ ግማሹን ፈትቶ እየተወ፣ ከቀን ወደ ቀን ልብሱ ይሰፋው ጀመር።

እናቴ ጨዋታውን አይታው አታውቅም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እኔን ይዛ አብዲ ቤት ሄደችና በሩ ላይ ቆመች።

«አብዲዬ፣ እባክህ ልጄ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አሳልፍለት።»

«እማማ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም የምጥለው። ሒሳቡ ነው።»

«የሰው ነፍስ በሒሳብ ነው እንዴ የምታወጡት?» አለችውና ሳትገባ ተመለሰች። አብዲ የያዘውን ሳምቡሳ ሳይበላ አስቀምጦ ስክሪኑን ሲያይ ቀረ።

የግንቦቱ ቅዳሜ ሲመጣ ድሬ እንደ ምድጃ ነበረች፤ ልጆቹ እንኳ ኳሳቸውን ትተው ጥላ ፍለጋ ሄደው ነበር። አብዲ ያለ ወትሮው ተልዕኮውን ቀድሞ ከፍቶ ጠበቀን። አባቴ እንደ ሁልጊዜው ጀመረ። ነዳጅ፤ ልክ ነበር። ጭነት፤ ልክ ነበር። «ሙቀት?» ሲለኝ አየሁ። አሥራ ስምንት ይላል። ቀና ስል አብዲ እያየኝ ነበር፤ ራሱንም አልነቀነቀም፣ ከንፈሩንም አላንቀሳቀሰም።

«ሠላሳ ሦስት» አልኩ።

በቀዝቃዛ አየር ሄሊኮፕተሯ ቀልጠፍ ብላ ተነስታ፣ ሸንተረሩን ከነትርፉ አልፋ፣ ማዶ አረፈች። አባቴ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። «እንደገና» አለ። እንደገና አለፈች። ሦስተኛም አለፈች። «አብዲ፣ አሁን እጅህ ገባ» አለውና ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ፤ እኔ ደብተሩ ላይ ሠላሳ ሦስት ብዬ ጽፌ ተከተልኩት። ማታ ሰሃኑን ባዶ ሲያደርግ እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። ዛሬ፣ ያኔ ነግሬው ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ፣ የሚታየኝ ያ ባዶ ሰሃን ነው።

በማግስቱ ተራው ባይሆንም ሳቢያን ሄድን። እትዬ ዘውዴ ወንበር ስትሰጠው አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። ሁለቱን ሰዎች እንዴት እንዳስገባ፣ ራሱ እንዴት እንደወረደ፣ ባሏን የገደልኩት እኔ ነኝ እያለ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ አሁን ግን ተሞክሮ ክብደቱ እንዳልሆነ መረጋገጡን፣ ሳያቋርጥ ነገራት። እየነገራት ፊቱ ይፈታ ነበር። እሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ክብደቱ ካልሆነ ታዲያ ምን ነበር?» አለችው።

ለአባቴ ጥያቄው ወዴት እንደሚወስድ ያን ጊዜ ነው የገባው።

«ግርማ ነው የጣላት ልትለኝ ነው የመጣኸው?»

«እንደሱ አላልኩም ዘውዴ።»

«ምን አልክ ታዲያ?»

የመሣሪያ ሳጥኑን አቅፌ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ብናገር አባቴ ከግንቦት በፊት ወደነበረበት ጭንቀት ይመለሳል፤ ዝም ብል ሻምበል ግርማ አሥር ሰው ገዳይ ሆኖ ይቀራል። የትኛው እንደሚብስ ለማወቅ ዕድሜዬም አልፈቀደ፤ አሁንም ቢሆን የማውቅ አይመስለኝም። ዝም አልኩ። አባቴ ሊነሳ ሲል ፍሪጁን አይቶ ድምፁ ልክ እንዳልሆነ ነገራት።

«ተወው» አለችው። «ሌላ ሰው ይሠራዋል።»

ክረምቱ ሲገባ የደቻቱ ወንዝ ሞላና ከተማውን ለሁለት ከፈለው፤ ከሃረርጌ ተራሮች የወረደው ውሃ ሲያገሣ ከቤታችን ይሰማ ነበር። አባቴ የሄሊኮፕተሩን ስም ደግሞ አላነሳም። ይበላል፣ ይሠራል፣ ከሰው ጋር ይስቃል፤ በወሩ አንድ እሑድ ግን ሳጥኑን በረንዳው ላይ አስቀምጦ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጠርጎ መልሶ ይከታል እንጂ የትም አይሄድም ነበር። አንድ ቀን ጭቃውን እየዘለልኩ አብዲ ጋ ሄጄ ምን እናድርግ አልኩት። «ስንቴ ልነግረው ተነሳሁ ሰብሌ» አለኝ፤ «ሲስቅ ሳየው ይጠፋብኛል።» መስከረም ላይ ቤቱን ዘግቶ አጎቱ ጋ ጅቡቲ ሄደ።

የዛሬዎቹ ሲሙሌተሮች አባቴ ይፈልገው የነበረውን ሁሉ ያደርጋሉ። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በትርፍ ጊዜያቸው ተልዕኮ የሚሠሩ ወጣቶችን ለዘገባ አነጋግሬ ነበር፤ ሞተሩን ለማስነሳት ረጅም ደቂቃዎች ይፈጅባቸዋል፣ ቁልፉ ሁሉ በተራው ይነካል፣ አየሩ ሲሞቅ ሄሊኮፕተሯ መክበዷ ይታወቃል። ከመካከላቸው አንዱ የእኛ ዓይነቱ አሮጌ ሲሙሌተር ሙቀትንና ክብደትን የሚያሰላው በግምት እንደነበር፣ በሱ ስለ እውነተኛ አደጋ ምንም ማለት እንደማይቻል ነገረኝ። ያኔ እኛ በየቅዳሜው እንደ ፍርድ ቤት ፊቱ እንቀመጥ ነበር፤ ለዚህ ልጅ ግን ነገሩ ሁሉ ጨዋታ ነው፣ ሲወድቅ ይስቃል፣ ሻይ ይጠጣና እንደገና ይጀምራል።

አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ጥር ድሬ ሄጄ በባጃጅ ሳቢያን ወረድኩና የእትዬ ዘውዴን በር አንኳኳሁ። አርጅታለች፤ ግን ስሜን ሳልነግራት አወቀችኝ። ሁለቱን ቁጥሮች ነገርኳት፤ ስክሪኑ ላይ የነበረውን አሥራ ስምንትና እኔ ያልኩትን ሠላሳ ሦስት። የአዲስ አበባው ልጅ ሲሙሌተሩ የሚያሰላው በግምት ነው ያለኝንም ሳልደብቅ ጨመርኩላት። ቁጥሮቹን ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፣ ይቅርም አላለችኝ።

«አባትሽ ይህን አውቆ ነው የሞተው?» አለችኝ።

እኔ እንዳልነገርኩት ነገርኳት። በማግስቱ ጅቡቲ ደውዬ አብዲን ጠየቅሁት፤ እሱም አልነገረውም።