ቀለህ ለቀማ

አማቴ ጥይት በራሱ የሚጎርሰውን የአደን ጠመንጃ ከያዙ ወዲህ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወዳለው የሙዝ ማሳችን ሳልሰጋ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም። ባጃጅ የከተማችንን ሲቀላ ሰፈር ማጥለቅለቅ የጀመረበት ሰሞን ነው። አማቴ ከሰሜን መጥተው፣ በመንግሥት ሥራ አርጅተው፣ እዚሁ አርባ ምንጭ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሥራ ዘመናቸው የውጭ አገር አዳኞችን ያጅቡ ስለነበር፣ ጠመንጃውን ከእነዚያ አንዱ በሕጋዊ ወረቀት አዛውሮላቸው ነው። ከርከሮ የሙዙን ችግኝ እየገለበጠ ስላስቸገረን፣ ማስፈራሪያ ይሆናል ተባለ።

ከዚያ በፊት የነበራቸው ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው። እሱ ከወገቡ ይሰበራል፤ ሲሰበር ሁለቱም ቀዳዳ ይታያል፤ ያልተተኮሰ ጥይት ካለ ማንም ያየዋል። አዲሱ አይሰበርም። አንዱን ሲተኩሱት ቀለሁን በጎኑ ይተፋና ቀጣዩን ራሱ ይጎርሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቃታ መሳብ ብቻ ነው።

ይህን ያወቅሁት ከጠመንጃው ጋር ከመጣው የአጠቃቀም መመሪያ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከተዳርኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ፣ የተጻፈ ነገር ዘልዬ ማለፍ እስከ ዛሬ አይሆንልኝም። መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እንግሊዝኛውን ሦስት ሳምንት ታገልኩት። አንዱ ገጽ ላይ ሰዎች የሸክላ ሰሃን ወደ ሰማይ እያስወረወሩ ሲተኩሱ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ለአማቴ ሳሳያቸው፣

«ሰሃን የሚተኩስ ሰው ጠግቧል ማለት ነው» ብለው ሳቁ። የቀረውን እንዳነብላቸው ግን አልፈለጉም። «ልጄ፣ እኔ ጠመንጃ ከመጽሐፍ አልተማርኩም።»

አንድ ቀን እኩለ ቀን ገደማ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር እየጮኸ አጠገቡ ቆሜ፣ ሁለት ጊዜ ሲተኩሱ የሰማሁ መሰለኝ። ከርከሮው አመለጠ። አማቴ ላብ በላብ ሆነው መጡና ጠመንጃውን የማንጎው ግንድ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። እዚያው ጥላ ሥር ሙዝ የሚቆርጡልን ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ምሳቸውን ፈትተው ነበር።

መመሪያው፣ ጥይቱ ሲያልቅ በቀኝ ጎኑ ያለችው የቀለህ መውጫ መስኮት ተከፍታ ትቀራለች ይላል። መስኮቷን አየኋት። ተዘግታለች።

«አባባ፣ ስንት አጎረሱት?»

«ሁለት።»

«የተኮሱትስ?»

«ሁለት። ጆሮ የለሽም?»

«መስኮቷ ተዘግታለች እኮ።»

«አቧራ እንዳይገባባት እኔ ዘግቻት ይሆናል።»

ይሆናል ማለታቸው አላስቀምጥ አለኝ። ግን አማት ናቸው፤ ሰው ፊት ነው። የተኮሱበት ቦታ ሄጄ ደረቁን የሙዝ ቅጠል መግለጥ ጀመርኩ። ሁለት ቀለህ ካገኘሁ ልክ ናቸው፤ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ሌላው ጥይት ጠመንጃው ውስጥ ነው።

«እትዬ፣ ከርከሮዋ እንቁላል ጥላ ሄደች እንዴ?» አለች አንዷ ሴት።

«ተያት» አለ ሽማግሌው። «የተማረ ሰው መሬትም ያነባል።»

ተሳሳቁብኝ። አንዱን ቀለህ ወዲያው አገኘሁት፤ ባሩዱ ገና ይሸታል። ሁለተኛው ጠፋ። ዞሬ፣ ተመልሼ፣ ተንበርክኬ፣ በመጨረሻ የመስኖው ቦይ ውስጥ ተንሳፍፎ አየሁት። ሁለት። ሁለቱንም በመዳፌ ይዤ ተመለስኩ። ሊቀልለኝ ይገባ ነበር፤ አልቀለለኝም፤ መስኮቷ አሁንም እንደተዘጋች ናት።

«አየሽ?» አሉ አማቴ። «በይ አሁን ምሳ እንብላ።»

ሴትየዋ ለእኔ ቦታ ልትለቅልኝ ብላ ጠመንጃውን በክንዷ ገፋ አደረገችው።

«አትንኪው!»

እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

«አባባ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ከፍተው ያሳዩኝ።»

እያጉረመረሙ ተነሡ። «ሠላሳ ዓመት ይዤ አንድ ሰው ያልጫርኩ! ዛሬ ቀለህ ተቆጠረብኝ!» አፈሙዙን ወደ ወንዙ አዙረው፣ ወደ መሬት ዝቅ አድርገው፣ እጀታውን ሳቡት።

ቀይ ጥይት ተፈናጥሮ ወጣና እግራቸው ሥር ወደቀ። ያልተተኮሰ።

ጎንበስ ብለው አነሱት። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም። አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ማን አስገባው?»

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ላይ ቀልድ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ጠመንጃውን ከእሳቸው ሌላ የነካው ሰው አልነበረም። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ብረቱን ነው። ሦስት አጉርሰው ሁለት ነው ይላሉ ብዬ አንድም ቀን አልፈራሁም።

«እኔ እንጃ፣ አባባ» አልኳቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ እሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ ነበርን። የጋሪው መንገድ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«ለልጄ ትነግሪዋለሽ?»

እንዳትነግሪው ቢሉኝ ምን እመልስ እንደነበር አላውቅም። አላሉኝም።

«እነግረዋለሁ፣ አባባ።»

«ደግ።»

ጠመንጃውን ከትከሻቸው አወረዱ። መስኮቷን ከፍተው ጣታቸውን አስገብተው ዳበሱ፤ ደግመው ዳበሱ፤ ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። አያያዙን አላውቅበትም ነበር። አፉን ወደ መሬት አድርጌ ተከተልኳቸው።

ጥቂት እንደሄድን ዞር አሉ። «ባዶ ነው፣ አይደል?»

«ባዶ ነው፣ አባባ።»

ድልድዩ ጋ ስንደርስ እንደገና ጠየቁኝ።