ሰባት ቤት በፎርትራን

የመድኃኒቴን እሽግ የያዘው ላስቲክ ዛሬ ጠዋት ጣቴ ላይ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ደብረ ብርሃን አውቶቡስ ተራ የቆምኩ መሰለኝ፤ ነፋሱ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ይታገላል፣ እኔ በላስቲክ የታሰረ የካርድ እሽግ ብብቴ ሥር አጥብቄ ይዣለሁ።

እንግዲህ ስማኝ። ጊዜው ስልሳዎቹ ውስጥ ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካው ቢሮ እሠራ ነበር፤ አዲስ አበባ ተልኬ ፎርትራን የሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ተምሬ ተመለስኩ። ማሽኑ ግን እዚያው አዲስ አበባ ነው። ትእዛዙን እኔ እዚህ ወፍራም የወረቀት ካርድ ላይ በቀዳዳ በቀዳዳ እበሳለሁ፣ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ እዚያ መጀመሪያ ሙሉው ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይተረጎማል፣ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከጎደለች ሳይሠራ ይመለሳል።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ቋንቋውን ከለመድኩ ወዲህ ለጥቃቅኑም ለምናምኑም እሱኑ መጠቀም ሆነ ሥራዬ። ማሽኑ ጋ የምትሠራው ጓደኛዬ፣ "አንቺ ልጅ፣ በጣት የሚቆጠረውን ሁሉ ለዚህ ጉድ ትልኪያለሽ?" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ዛሬ የእህቴ ልጅ አንድ መስመር ጽፎ መልሱ ወዲያው ሲመጣለት ሳይ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እቀናለሁ።

እጮኛዬ አንኮበር አስተማሪ ነበር። ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ያለ ቁርባን ማግባት አይታሰብም፤ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ደግሞ አይጋቡም። ሽማግሌዎች አንድ እሑድ ቤታችን ተቀምጠው ቆጠሩና "ንጹሕ ነው፣ አትገናኙም" አሉ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

እኔ ግን አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ሽማግሌዎቹ የቆጠሩት ባመዛኙ ወንዶቹን ነው። ሴቶቹስ? ሰላ ድንጋይ ካለችው አክስቴ የኔን፣ አንኮበር ካሉት አያቱ የሱን፣ እናቶቹን ሁሉ ከነአባታቸው ስምና ከነትውልድ አገራቸው ለቀምኩ። ለአንድ ሰው አንድ ካርድ፣ ያውም በፈረንጅ ፊደል! የኔን እያንዳንዱን ከሱ ከእያንዳንዱ አስተያይ የሚል አጭር ትእዛዝ ጻፍኩ። አንዴ ተጠይቆበት የሚጣል ነገር ነው።

"ሽማግሌ አላመንሽም?" አለኝ እጮኛዬ እየሳቀ።

"ደስታዬን ከማሽኑም ልስማው ብዬ ነው" አልኩት።

እሽጉን ለአውቶቡሱ ረዳት ከሰጠሁ ወዲያ መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ከቢሮ እሮጣለሁ። የናፍጣው ጭስ፣ ከፋብሪካው ልብሴ ላይ የቀረው የሱፍ ሽታ፣ ከዚያ የረዳቱ ጩኸት፦ "እመቤት፣ ዛሬም የለም!" መጀመሪያ የመጣልኝ ስሕተት ነበር፤ አንድ ቅንፍ ሳልዘጋ ቀርቻለሁ። ራሴን እየረገምኩ እንደገና በሳሁ፣ እንደገና ላክሁ፣ እንደገና ሮጥኩ።

በመጨረሻ መልሱ መጣ። እዚያው ነፋሱ ላይ ቆሜ ወረቀቱን ዘረጋሁት። አንዲት ሴት፣ በሁለታችንም ወገን ያለች፣ በአምስተኛው ቤት።

ማሽኑ ተሳስቷል ብዬ ሰላ ድንጋይ አክስቴ ዘንድ በረርኩ። "እሷማ ባሏ ሲሞትባት አንኮበር ሄዳ ሌላ አግብታለች፤ እዚያም ወልዳለች" አለችኝ፣ ጥጧን መፍተሏን ሳታቋርጥ። ሽማግሌዎቹ አንዱን ባል በኔ፣ ሌላውን በሱ በኩል ቆጥረው እሷን ዘለዋታል።

ቅዳሜ እጮኛዬ ከአንኮበር ሲመጣ ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ።

"ቅደጂው" አለኝ። "ማንም አያውቅም።"

ልቀደው ፈልጌ ነበር። በእመቤቴ፣ ፈልጌ ነበር!

"የሚያቆርቡን አባቴ ናቸው" አልኩት። "በሳቸው እጅ?"

ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

ለአባቴ ስነግራቸው መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና "ልጄን ማን ጠይቂ አላት?" ብለው አለቀሱ። ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔም እግራቸው ሥር ተቀምጬ አልቅሼ ወጣልኝ።

እጮኛዬ የነበረው ከጊዜ በኋላ ሌላ አገባ። ለሠርጉ አንኮበር ሄድኩ፤ ብቀር ሰው ምን ይላል? ድንኳኑ በር ላይ ቆሜ የት ልቀመጥ ስል እናቱ አዩኝ። መጥተው አገላብጠው ሳሙኝና "ነይ የኔ ልጅ፣ አንቺማ ደማችን ነሽ" ብለው ከዘመዶቹ መሃል አስቀመጡኝ።