በቃ ያልተባለው ቅጠል

ዲዛይነሯ በአክስቷ ማተሚያ ቤት የሠርግ ካርድ ዙሪያ ቅጠል አንድ በአንድ ስትደረድር ግማሽ ቀኗ ያልቅ ነበር። ቅጠሉን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲደረድርላት ብላ ፕሮግራሚንግ መማር ጀመረች። አክስቷም ከደግነታቸው ብዛት አበረታቷት።

«ዛሬ ሙሽራዋ ሳትመጣ ካርዱ ካላለቀ ኮምፒውተሩን ለልጄ እሰጠዋለሁ። አንቺ ወረቀት ታጥፊያለሽ።»

የልጃቸው ሙያ ጌም መጫወት ነው።

ዲዛይነሯ «ቅጠል ሣል፣ ትንሽ ዙር፣ ድገም» የሚል ትእዛዝ በኮድ ጻፈች። ስንት ጊዜ እንደሚደግም መጻፉን ግን ረሳችው። ኮምፒውተር ደግሞ እንደ ዘመድ አይደለም፤ የታዘዘውን ይሠራል። ቅጠሉ ዳሩን ሞልቶ ወደ መሀል ገባና የሙሽራውን ስም ዋጠው።

«ይሄ ካርድ ነው ወይስ ጫካ? ሙሽራውን ምን በላው?» አሉ አክስቷ።

«እትዬ፣ በቃ አላልኩትም» አለች ኮዱን እያየች።

«እኔን ግን ማንም ሳያዘኝ በቅቶኛል!»

የሙሽራዋ ሳቅ ከደጅ ተሰማ። ዲዛይነሯ ኮዱ ላይ «ሃያ ጊዜ» ብላ ጨምራ እንደ አዲስ አስጀመረችው። ቅጠሎቹ ስሞቹን ከበው፣ ልክ ሃያኛው ላይ ቀጥ አሉ።

«ውይ፣ ሲያምር!» አለች ሙሽራዋ ገና ከመግባቷ።

«አዎ የኔ ልጅ፣» አሉ አክስቷ ወንበር እየሳቡላት፣ «ስንት ቀን ለፋንበት መሰለሽ!»

ኮምፒውተሩ ዲዛይነሯ ጋ ቀረ፤ ምስጋናውን ግን አክስቷ ወሰዱት።